ከጋልቨስተን የመጣ ማዕድ

ባለፈው ቅዳሜ ምስርና ዝንጅብል ልገዛ ከልጄ ጋር ሃቫና ጎዳና ላይ ወዳለው የእስያውያን ገበያ ገብቼ ሳለ፣ በዓሣው መደብ ላይ በተከመረው በረዶ መካከል አንድ የማውቀው ፊት አየሁ። ፊት ያልኩት በስሕተት አይደለም። መልኩ አዲስ እንደ ተወለወለ የመዳብ ዕቃ ነው፤ ቅርፊቱ ድርብርብ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ከጅራቱ ሥር ደግሞ በብሩሽ ጫፍ የተነካ የሚመስል አንድ ጥቁር ነጥብ አለው። ጋሪዬን ይዤ ቆምኩ። ሻጩ ይጸዳልኝ እንደ ሆነ ሲጠይቀኝ ዓይኔን ከዓሣው አላነሣሁም። ልጄ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ደኅና ነኝ፤ ይህን ዓሣ አውቀዋለሁ» አልኳት። እርሷ እንደ ልማዷ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በአንድ የጥቅምት ወር፣ ደንቨር የመጀመሪያውን በረዶዋን ለብሳ ሳለች፣ ለብ ባለ ባሕር ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ከዚህ ዓሣ ወገን ጋር ታግያለሁ። አሸንፌዋለሁም። በሕይወቴ ስለ ራሴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ነገር ጥቂት ነው፤ ይህን ግን ዛሬ እናገራለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ደንቨር መካከል ባለችው ግሌንዴል ነበር። ከተማ ናት ይሏታል እንጂ ከዳር እስከ ዳር በእግር ተሻግረው ሻይ ሳይበርድ የሚመለሱባት፣ አፓርታማ በአፓርታማ ላይ የተደራረበባት ጠባብ ስፍራ ናት። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ርቆ ሜዳው ላይ የተከፈተበት ሰሞን ይመስለኛል፤ ባለታክሲዎቹ በመንገዱ ርዝመት ሲያማርሩም ሲደሰቱም ትዝ ይለኛል። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙ አይርቅም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለች ሱቅ የስልክ ካርድ እንገዛና ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ ተራ ጠብቀን አገር ቤት እንደውላለን። ወንዶቹ በጋ ከክረምት የቆዳ ጃኬት አይለያቸውም፤ እኛ ሴቶቹ ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት ለብሰን ወደ ሥራ እንሄዳለን። የእኔ ግራጫ ነበር፤ የጓደኛዬ የኑሪያ ሐምራዊ፣ ቁልፎቹ ወርቃማ፣ ከሩቅ የሚታይ። ዛሬ ፎቶግራፉን ሳየው ሁለታችንም በር የሚጠብቁ ወታደሮች እንመስላለን። ካሴት ከመኪና ወደ መኪና እየተዋሰ ድምፁ እስኪሳሳ ይደመጣል፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚያስታውስ አይገኝም። አሁን ያ ሁሉ ዘፈን በልጄ ስልክ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን መሀል ላይ ተይዞ የሚጎተት፣ በእርሳስ ጫፍ የሚጠቀለል ክር ስለሌለው አንዳች ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ኑሪያ ጎረቤቴ ነበረች። እርሷና ታላቅ ወንድሟ ከድር በአንድ ግድግዳ ማዶ ይኖሩ ነበር፤ ከድር ታክሲ ይነዳል፣ ኑሪያ በአንድ ሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራለች። እኔ ከአገር ቤት ይዤ የመጣሁትን የኬሚስትሪ ትምህርት እዚህ አጠናቅቄ፣ የውኃ ናሙና በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ ነበር። በተፈጥሮዬ ቁጥብ ነኝ፤ ሰው ቤት ሳልጠራ አልሄድም፣ ስጠራም አስቤ ነው። ኑሪያ ደግሞ ግድግዳውን በማንኪያ እየደበደበች፣ «ሶሲ፣ ወጣልሽ፣ ሳይበርድ ነይ!» የምትል ሴት ናት። ትምህርቴን የጨረስኩ ቀን ከእኔ ይልቅ ያለቀሰችው እርሷ ነበረች። ሳንባዬን ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ ያደረችውም እርሷው ናት።

ነገር ግን በድግስ ቀን አንድ ማዕድ አልነበረንም። ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ እስላሙ የእስላም እጅ ያረደውን ብቻ ይበላል። ይህ የጥላቻ ነገር አልነበረም፤ በአገር ቤት ጎረቤት ለጎረቤቱ በግ ነድቶ፣ «በእጃችሁ አርዳችሁ ብሉ» የሚልበት፣ ክብር ያለው ወግ ነው። በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ግን ያ ክብር ቦታ አጣ። ሁለተኛው፣ የሌላው ሃይማኖት እንግዶች ጠረጴዛ፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይደረግ ነበር፤ ምግቡም መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በዚያ ዓመት ሞንትቤሎ ሰፈር ውስጥ በተደረገ አንድ ሰርግ ላይ ኑሪያ ሙሉ ሳምንት ሳምቡሳ ስትጠቀልል ሰንብታ፣ በሰርጉ ዕለት ከሦስት አሮጊቶች ጋር በሩ ሥር ተቀምጣ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሻርፗን እያጠበቀች የቀዘቀዘ ሩዝ ስትበላ አየኋት። እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩላት። በእኔ ሰርግ ግን ይህ እንዳይሆን በልቤ ቆረጥኩ።

ከተስፋዬ ጋር ለመጋባት በተስማማን ጊዜ ታዲያ የመጀመሪያ ሚዜዬ ኑሪያ እንድትሆን ፈለግሁ። ሙሽራዋና ሚዜዋ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ይህን ለእናቴ ታናሽ እህት ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ በጎረቤት ከተማ በአውሮራ የማይመሩት የድግስ ማድቤት የለም፤ እርሳቸው ያልቀመሱት ወጥ ወደ አዳራሽ አይወጣም።

«ሚዜሽ ኑሪያ ብትሆን ደስታዬ ነው፤ ልጅቱ ወርቅ ናት» አሉኝ። «ግን ከጎንሽ ተቀምጣ ጾሟን ልትውል ነው? አንቺ ስትጎርሺ እርሷ አበባ ልታሸት?»

«አትክልት ብቻ ብናቀርብስ?»

«ሰርግ ነው ወይስ ሱባኤ?»

«ዓሣስ?» አልኩ። «ዓሣ ቢላዋ አያሻውም፤ ማን አረደው አይባልም። ለእነርሱም ለእኛም የተፈቀደ ነው።»

እትዬ አስካለ ጣታቸውን አነሡ። «ዓሣስ ደግ። ግን ያንን ሱፐርማርኬት ውስጥ እንደ ሳሙና ቆርጠው የሚሸጡትን ነጭ ነገር አምጥተሽ ዓሣ ነው ብትዪኝ እጄን አልሰድም። ለእኛ የተፈቀደው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው። ቆዳውን ገፈው ሲያበቁ ምን እንደ ነበረ በምን አውቃለሁ? እባብ ቢሆንስ? ቅርፊቱን በዚች እጄ ከዳሰስኩ፣ አንድ ማዕድ ይሆናል፤ እንግዳውንም እኔ አሳምናለሁ። ካልዳሰስኩ ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ጠረጴዛ።»

በዚያ ዘመን እኛ በምናውቃቸው ሱቆች ለሰርግ የሚበቃ ሙሉ ዓሣ፣ ከነቅርፊቱ፣ አይገኝም ነበር። መፍትሔውን ያመጣው ከድር ነው። አሜሪካ እንደ መጣ አንድ ዓመት ቴክሳስ ጠረፍ ላይ፣ ጋልቨስተን፣ ሆቴል ውስጥ ሠርቶ ስለ ነበር ራሱን የባሕር ሰው አድርጎ ይቆጥራል። ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ።

«በጥቅምት? ጋልቨስተን በጥቅምት? እትዬ፣ ሬድፊሽ የሚሉት ቀዩ ዓሣ ራሱ ነው መኪናው ውስጥ የሚገባልዎት! ቅርፊቱ እንደ ቆርቆሮ!»

«አንተ የመርካቶ ልጅ፣ ከባሕር የምታውቀው ሰርዲን ነው» አሉት እትዬ አስካለ። «እኔም እሄዳለሁ። ያለ እኔ ምስክር የለም።»

ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። በፊቱ ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በከድር አሮጌ ቫን ተነሣን፤ ከድር፣ ኑሪያ፣ እትዬ አስካለና እኔ። ተስፋዬ ከሥራው ፈቃድ አላገኘም፤ ቢያገኝም እትዬ አስካለ ሙሽራን ከሙሽራው ጋር ለቀናት መንገድ የሚለቁ ሴት አልነበሩም። ስንወጣ በረዶ ይጥል ነበር። የኮሎራዶን ተራራ በስተ ቀኝ እያየን ወደ ደቡብ ወርደን፣ ራቶን የሚባለውን መተላለፊያ በጭጋግ ተሻግረን፣ የቴክሳስን ሜዳ ሌሊቱን አቋርጠን፣ ሂዩስተን ስንደርስ ኮታችንን አወለቅን። ከዚያ ሹራባችንን። እትዬ አስካለ ብቻ ጋቢያቸውን አላወልቅም አሉ። ባሕሩ ዳር ቆመን በር ስንከፍት የመታን አየር እንደ ማድቤት እንፋሎት ሞቃትና ጨዋማ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ የሕፃን ገላ የሚታጠብበትን ያህል ይሞቃል። በጥቅምት! አገሩ ሁሉ ወደ ብርድ ሲሄድ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ይዞ የቆየበት ወቅት ነው፤ ትናንሽ ዓሦች በመንጋ ወደ ጠረፍ የሚጓዙትና ትልልቆቹ የሚከተሏቸው በዚህ ጊዜ ነው። ከድር ይህን እንደ ራሱ ግኝት ደጋግሞ ነገረን።

የመጀመሪያው ምሽት የድል ምሽት መሰለን። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ሁላችንም አውጥተን፣ ከድር ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ገዝቶ በመንጠቆ እየሰካ ክሩን አርቆ ይወረውራል። እትዬ አስካለ ሽሪምፑን አይተው፣ «ይኼን ትል ከእኔ አርቁ» ብለው ቫኑ ውስጥ ተኙ። ገና ተቀምጠን ሳናበቃ የማጥመጃው ዘንግ ይነቀነቃል፤ አንድ ዓሣ፣ ሌላ ዓሣ፣ ሌላ። ኑሪያ ትጮሃለች፣ ከድር ይዘፍናል፣ እኔም አልቀረሁም፤ በሁለት እጄ ሳወጣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ትልቁ የበረዶ ሣጥን ሞላ። ኑሪያ ሮጣ እትዬ አስካለን ቀሰቀሰቻቸው። «እትዬ፣ ተነሡ! ሰርጉ ሞላ!»

እትዬ አስካለ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጥተው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ሰደው አንዱን ዓሣ ከራሱ ወደ ጅራቱ፣ ከጅራቱ ወደ ራሱ ዳሰሱት። ከዚያ ሌላውን። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ እኮ ለስላሳ ነው። ጢምም አለው። አምባዛ ነው! ቅርፊቱ የታለ?»

ካትፊሽ ነበር፤ ሁሉም። ከድር፣ «እትዬ፣ እኛ'ኮ እንበላዋለን...» ሲል ጀመረና ኑሪያ አየችው፤ አቋረጠ። እነርሱ ቢበሉት እኛ የማንበላው ከሆነ የመጣንበት ነገር የለም። እኔ የቤተ ሙከራ ሰው፣ ነገርን ሁለቴ ሳላረጋግጥ የማልጽፍ፣ በገዛ እጄ ከመንጠቆ እየፈታሁ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው አላየሁም ነበር። ገና የሚንቀሳቀሱትን አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ መለስን፤ የሞቱትን ደግሞ ከእኛ ፈንጠር ብሎ የሚያጠምድ ሽማግሌ ደስ ብሎት ወሰዳቸው። ባዶውን ሣጥን ዘግተን ቫኑ ውስጥ መለስነው።

በማግሥቱ ከደቡብ ብርቱ ነፋስ ነፈሰ። ባሕሩ እንደ ጭቃ ቀለም ሆነ፤ የባሕር ሣር በክሩ ላይ እየተጠመጠመ መጣ እንጂ አንድም ዓሣ አልነካንም። ከድር በንዴት ክሩን እያራቀ፣ እያራቀ ይወረውራል። «ትልልቁ ያለው ዲፕ፣ ጥልቁ ላይ ነው፤ ካስት ሳደርግ ኃይል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው!» ይላል። እትዬ አስካለ፣ «አንተ ልጅ፣ ኩባ ደረሰልህ?» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ካረፍንበት ሞቴል ፊት ለፊት ካለው የሕዝብ ስልክ ለተስፋዬ ደወልኩ።

«በጎቹን ለሚሸጥልን የእርሻ ሰውዬ ሐሙስ ጠዋት መልስ መስጠት አለብኝ» አለኝ። «ከዚያ ካለፈ በግ አናገኝም። ሁለት በግ ልዘዝ ወይስ ልጠብቅ?»

«ጠብቅ።»

«ሶስና፣ ባይሳካስ? እንግዳ ልናስርብ ነው?»

«እስከ ሐሙስ ጠዋት ጠብቅ» ብዬ ዘጋሁ።

ኑሪያ አጠገቤ ቆማ ሰምታ ነበር። ሻርፗን ነፋሱ ሲያነሣው እየያዘች፣ በዚያ ቀልድ በሚመስል ድምፅዋ፣ «ሶሲ፣ እኔ እኮ ቬሎሽን ይዤ ከኋላሽ ብቆም ይበቃኛል። ምግብ ደግሞ ለምጄዋለሁ፤ በር አጠገብ አየር አለ» አለች።

«አይበቃም!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ኑሪያም ቀልዷን ተወች። ዓይኗ ሲሞላ ያየሁት ያኔ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በሩ ሥር መቀመጡ ይጎዳት እንደ ነበር ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ያን ዕለት ማምሻውን ዘንግ አልያዝኩም። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ባሕሩን አየሁ፤ ሥራዬም ውኃ ማየት ስለ ሆነ እንግዳ አልሆነብኝም። ሞገዱ ሩቅ ላይ አንድ ጊዜ ይሰበራል፤ ከዚያ ውኃው ጸጥ ይልና ጠቆር ያለ ሰፊ ጎዳና ይሠራል፤ ከዚያ ጠረፉ ጋ እንደ ገና ይሰበራል። በዚያ ጠቆር ባለው ጎዳና ውስጥ ሙሌት የሚሏቸው ጣት የሚያክሉ ዓሦች በመንጋ ይጓዛሉ፤ የውኃው ፊት በእነርሱ ይርገፈገፋል። ፔሊካኖች ክንፋቸውን አጥፈው የሚወረወሩት እዚያው ላይ ነው፤ ከድር ክሩን ከሚጥልበት ከሩቁ ሞገድ ማዶ አንድም ወፍ አይወርድም። ስለዚህ ከድር ሁለት ቀን ሙሉ ዓሣውን አልፎት እየወረወረ ኖሯል። በሙያዬ አንድ የማልረሳው ነገር አለ፤ ናሙና የሚወሰደው ነገሩ ካለበት ስፍራ እንጂ ክንድ ከሚደርስበት ስፍራ አይደለም። ሽሪምፑም የሚስበው ያንን ባለ ጢም ከሆነ፣ ትልቁ ዓሣ የሚያሳድደውን ያንኑ ትንሽ ዓሣ ማቅረብ ነበረብን። ሞቴሉ በር ላይ ያነበብኩት ጋዜጣ ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሰሜን ብርድ እንደሚገባ ይናገር ነበር። ከብርድ በፊት ሰውም ከብትም አብዝቶ ይበላል፤ ዓሣስ ለምን አይበላም?

ረቡዕ ሲነጋ ነፋሱ ቆሞ ነበር። ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ ጠርቷል፤ በስተ ሰሜን ግን በሰማዩ ጠርዝ ላይ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ጥቁር ደመና ቆሟል። ከድርን ትንንሾቹን ዓሦች በመረብ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ያዘልኝ፤ አንዱን ሕያው እንዳለ መንጠቆዬ ላይ አድርጌ፣ ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ቋጥሬ ገባሁና ክሩን ከእኔ ብዙም ሳላርቅ፣ ጠቆር ካለው ውኃ ላይ ጣልኩት።

ከድር ሳቀ። «ሶስና፣ እዚያ'ኮ የምታጠምጂው የራስሽን ጫማ ነው!»

«ጫማዬን አውልቄያለሁ» አልኩት።

ገና ንግግሬን ሳልጨርስ ዘንጉ ወደ ባሕሩ ሰገደ። ክሩ ከተጠቀለለበት መዘውር እየጮኸ ሄደ። እኔ፣ በስብሰባ ላይ እንኳ እጄን የማላነሣ ሴት፣ «ያዙኝ!» ብዬ ጮህኩ። ኑሪያ ከእነ ልብሷ ውኃው ውስጥ ገብታ ወገቤን ከኋላ አቀፈችኝ። ዓሣው ወደ ቀኝ ሲሮጥ እኛም ሁለታችን ወደ ቀኝ፤ ወደ ግራ ሲዞር ወደ ግራ። ከድር ከዳር ሆኖ፣ «ዘንጉን ከፍ! አትሳቢው፣ ይሂድ! አሁን ጠቅልዪ! አሁን!» እያለ ይዘላል። ክንዴ ዛለ፤ መዳፌ ተላጠ። ኑሪያ ጀርባዬ ላይ፣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ እትዬ አስካለ ዳር ላይ እመቤታችንን ይጠራሉ። በመጨረሻ ማዕበሉ ራሱ አንሥቶ አሸዋው ላይ ጣለልን፤ ክንዴን የሚያክል፣ የመዳብ መልክ ያለው፣ ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት።

እትዬ አስካለ ተንበረከኩ። እጃቸውን ከጅራቱ ወደ ራሱ አቀና አድርገው ሲዳስሱት ቅርፊቱ እንደ ገል ተንኳኳ። ቀና ብለው አዩን።

«ይኼ እንኳ ጥሩር ለብሷል!» አሉና በዚያ ባዕድ ጠረፍ ላይ እልልታውን ለቀቁት። ፈንጠር ብለው የሚያጠምዱት አሜሪካውያን ባርኔጣቸውን አነሡልን።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመን! ሁላችንም ወደዚያው ጎዳና፣ በዚያው ትንሽ ዓሣ ወረወርን። ከድር እንኳ አርቆ መወርወሩን ትቶ ከእኔ ጎን ቆመ፤ «ኢንጂነር፣ እዚህ ልጣል ወይስ እዚያ?» እያለ ይጠይቀኛል። ትንሹንና ከልክ ያለፈውን ትልቅ መለስን፤ ሕጉ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው በቀን ይዞ የሚሄደውም የተወሰነ ስለ ሆነ፣ የሦስታችን ድርሻ ቶሎ ሞላና የቀረው የእትዬ አስካለ ብቻ ሆነ። እርሳቸው ደግሞ ራሳቸው ካላጠመዱ አይቆጠርላቸውም።

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አወለቁ። በጉዞው ሁሉ ያላወለቁትን ጋቢ አጥፈው ለኑሪያ ሰጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ፣ ተጣጣፊ ወንበር ውኃው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ዘንጉን እንደ መቋሚያ ያዙ። ዓሣው ሲይዝላቸው አልጮሁም። መዘውሩን በዝግታ እየጠቀለሉ፣ እንደ እንቢተኛ ልጅ ያናግሩት ጀመር። «ና! ወዴት ነው? ሰርግ ተጠርተሃል እኮ! ና ወደ ሰርጉ!» መጣ። በዚያ ጉዞ ወደ ቤት ከወሰድናቸው ሁሉ ትልቁ የእርሳቸው ነበር፤ ከድርም እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሡበት ወሬ ይቀይራል።

ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ ደመና ደረሰ። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ የሰሜን ነፋስ አሸዋውን ጠረገው፤ የደንቨር ብርድ ተከትሎን የመጣ ያህል ተሰማን። ባሕሩ ግን ነፋሱ ከየብስ ስለ ሆነ ማዕበሉ ተኝቶ እንደ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ፣ ሕጉ አዲስ ቀን ሲፈቅድልን፣ ኮታችንን ለብሰን እንደ ገና ወረድን። ዓሣው እዚያው ነበር። ፀሐይዋ ከባሕሩ ላይ ስትለቅ ሣጥኖቻችን አልከደን አሉ። ስልኩ ጋ ሄጄ ለተስፋዬ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት፤ «በግ አትዘዝ።» እርሱም ሳቁን ለቀቀው።

መንገዱን ሁሉ በየነዳጅ ማደያው በረዶ እየጨመርን ተመለስን። ዓርብ ቀን የግሌንዴሉ ቤታችን ማድቤት ሆነ። የማንም ወገን ሥጋ ያልነካው እንዲሆን ድስቱን ሁሉ አዲስ ገዝተን፣ በዘይት ብቻ፣ በኑሪያና በእትዬ አስካለ እጅ ተሠራ፤ ከፊሉ ጥብስ፣ ከፊሉ ጉላሽ፣ ከፊሉ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተከተፈ። ቅርፊቱ ሲጠረግ እየፈናጠረ መጋረጃው ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ የቬሎዬ ሣጥን ክዳን ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ኑሪያ ግንባሬ ላይ የተለጠፈውን አንሥታ፣ «ሙሽራ በዚህ ያጌጠች በዓለም የለችም» አለችኝ።

ቅዳሜ ዕለት አውሮራ በተከራየነው አዳራሽ ሁለቱ ጠረጴዛዎች እንደ ወትሮው ተለያይተው ቆመው ነበር፤ አዳራሹን ያሰናዱት ሰዎች ሌላ አያውቁም። እንግዳው በየወገኑ ሊቀመጥ ሲል እትዬ አስካለ ከማድቤት ወጡ። በትልቅ ትሪ ላይ ያን ያጠመዱትን ዓሣ፣ ሆዱ ከመጽዳቱ በቀር ከነቅርፊቱ ከነጅራቱ፣ እንደ ንግሥ ታቦት በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘውታል። በመጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎቻችን ሄዱ። «ዳስሱ» አሏቸው። ዳሰሱ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጡት፣ ጢማቸው በሂና ወደ ቀላ አንድ ሐጂ ሄዱ። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ዓሣውን፣ ከዚያም እትዬ አስካለን አዩ።

«ከባሕር ነው?»

«ከባሕር ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?» ሐጂ ሳቁ። «እንግዲያው ከዚህ ምን አስቀመጠኝ?» ብለው ወንበራቸውን ራሳቸው አነሡ።

ከድርና የተስፋዬ ጓደኞች ሁለቱን ጠረጴዛዎች ገፍተው አጋጠሟቸው። እግሮቻቸው ወለሉን ሲፍቁ የወጣው ድምፅ ጆሮ የሚያደነቁር፣ አሰቃቂ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሰርግ ከተዘፈነው ሁሉ አስበልጬ የማስታውሰው እርሱን ነው። ያን ጊዜ ለቪዲዮ የተከራየነው ልጅ ካሜራውን ወደ ሙሽራው አዙሮ ስለ ነበር ምስሉ የለንም።

ኑሪያ ከጎኔ ተቀመጠች። በዚያ ሐምራዊ ኮቷ ፋንታ የለበሰችው ክሬም ቀሚስ ነበር፤ ሻርፗም እንደዚያው። ትሪው መሀላችን ቀረበ። ለዓመታት አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ ሻይና ዳቦ፣ ሐዘንና ደስታ ተካፍለን፣ በሰው ፊት አንድም ቀን ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም። ቀይ ጉላሹ ውስጥ ያለውን ዓሣ በጣቶቼ ፈልፍዬ፣ አጥንቱን እያየሁ፣ አንድ በአንድ ለቀምኩ። እንደ እኔ ያለ ጥንቁቅ ሰው እንኳ ያን ያህል ተጠንቅቆ አያውቅም። እንግዳው ሁሉ የሚያየን ይመስለኝ ነበር፤ ምናልባትም ያየን ነበር። ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁ። ኑሪያ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ቢስሚላህ አለችና ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና በዝግታ አኘከች፤ ዋጠች። እኔ እጄን ልመልስ ስል ክንዴን ያዘችኝና ሙሉ አዳራሹ በሚሰማው ድምፅ፣

«ወዴት ነው? አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለች፣ አፏንም እንደ ገና ከፈተች።